ከበሩ ምሰሶ የተፋቀው ቁጥር

ጤናዬን ለማያውቃት ሰው ላስተዋውቅ። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲዎቹ ዞረው ከሚቆሙበት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቀጭን መንገድ አለ። እዚያ መንገድ ላይ ሦስተኛው የቆርቆሮ በር የእነ ጤናዬ ግቢ ነው። ጤናዬ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሱሪው በእሷ እጅ ያልፋል፤ ሲገዛ ታሳጥራለች፣ ልጁ ሲመዘዝ እጥፋቱን ፈትታ ታስረዝማለች፣ ጉልበቱ ሲቀደድ ትጥፋለች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አለፈው፣ ልጅ አልወለዱም። ቤቷ የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍልና የስፌት መኪናዋ የተቀመጠበት ጠባብ በረንዳ። እዚያው ተወለደች፣ እዚያው ተዳረች፣ የእናቷም የባሏም ሬሳ የወጣው በዚያው በር ነው። ሌላ ቤት ገብታ አድራ የማታውቅ ሰው ናት ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ልብስ ሰፊ ሲለካ ምልክት ያደርጋል። ሌላው ሰፊ ጠመኔ ይጠቀማል፣ ጤናዬ ግን ያለቀ ሳሙና ነው። ተጠቅማበት ስስ ሆኖ የቀረውን ቁራጭ በረንዳዋ ጠርዝ ላይ አድርቃ፣ በእሱ ጨርቁ ላይ ነጭ መስመር ታሰምራለች። ለምን ጠመኔ አትገዢም ስላት፣ “ምልክት መታጠብ አለበት” ትለኛለች። “የማይለቅ ምልክት ልብስ ያበላሻል።” ይህችን አነጋገሯን ያዙልኝ፣ ኋላ ያመጣችብን ጣጣ አለ።

እኔ ዋጋነሽ እባላለሁ። ማዞሪያው ላይ በቆመች ኮንቴነር ውስጥ ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቀለምና ቀለም የሚያስለቅቅ ቲነር እሸጣለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ጤናዬ ለሁለታችንም ትታገሣለች። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ጸሎት የምናደርገው እሷ ቤት ነው። ሱቅ ያለው ሰው ወሬ አያጣም፣ እኔ ደግሞ የሰማሁትን ይዤ ማደር አልችልም። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ግማሹ የእሷ ጥፋት ነው፣ ግማሹ የእኔ ነው። የእኔን ግማሽ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የወረዳው ሰዎች የመጡት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አራት ናቸው። ሁለቱ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ሜትር ይዘረጋሉ፣ አንዱ ታብሌት ይዟል፣ አንዱ የሚረጭ ቀይ ቀለም። በየደጁ ይለካሉ፣ ስም ይጠይቃሉ፣ ሲጨርሱ የበሩ ምሰሶ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። እነ ጤናዬ ግቢ ያለው አንድ ረጅም ቤት ነው፣ በግድግዳ ሦስት ቦታ የተከፈለ። መግቢያው ጋ ያለው የአቶ ቱሉ ነው፤ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው፣ ጆሯቸው ደክሟል። መሃሉ የጤናዬ ነው። ጥጉ የዙቤዳና የባሏ የኢብራር ነው፤ እሷ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፣ እሱ የብረት በር ይበይዳል። የግቢው በር አንድ ስለሆነ የሦስቱም ቁጥር አንዱ የሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ከላይ ወደ ታች ተጻፈ። ቀለሙ በዝቶ ስለነበር ከየቁጥሩ ሥር ቀይ ቀይ ክር ወደ ታች ወረደ።

ኢብራር ከቤት ወጣና፣ “ሰው ሳታናግሩ ደጃችንን የምትቀቡት ምን ብላችሁ ነው?” አላቸው።

ታብሌት የያዘው ቀና እንኳ አላለም። “ለመረጃ ነው።”

“የምን መረጃ?”

“ለመረጃ ነው አልኩህ እኮ።”

ኢብራር ድምፁን ከፍ አደረገ፣ መንገደኛም መቆም ጀመረ። ዙቤዳ ክንዱን ይዛ ጎትታ አስገባችው። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ መልስ ከስድብ ይብሳል። ለስድብ መልስ አለ፣ ለ“መረጃ” ግን ምን ይባላል? ጤናዬ በረንዳዋ ላይ ቆማ አየች። ከንፈሯ ውስጥ ስፒል ይዛ ስለነበር ነው ዝም ያለችው ብዬ ነበር። ስፒሏን አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ከሰካችም በኋላ ግን አልተናገረችም።

አቶ ቱሉ የዚያኑ ቀን ሳጥናቸውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ፣ ልብሳቸውን ከተቱና ደጃፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡበት። ከዚያ ወዲያ ሰው በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር፣ “ዛሬ ነው እንዴ?” ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅን። ሁለተኛው ቀን ላይ ሳቁ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት አንድ የአየር ጤና መስመር ወያላ ማጠፊያ ሊገዛ መጣና ጉዱን ዘረገፈልኝ። የአጎቱ ልጅ ጎረቤት በሚኖርበት ሰፈር ቁጥር በተጻፈ በሦስተኛው ቀን ዶዘር ገባ፤ ቁጥር የሌለበትን ቤት ግን ዘሎ አለፈ አለኝ። የአጎት ልጅ ጎረቤት ማለት እንግዲህ ማንም አላየውም ማለት ነው። ይህን ያሰብኩት ግን ኋላ ነው። ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ጸሎት ስሄድ ወሬው አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ነበር፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ተናገርኩት።

አንዷ እኅት ስለ ግብፅ አነበበች፤ ቀሣፊው መልአክ ሲያልፍ መቃኑ ላይ ምልክት ያለበት ቤት እንደተረፈ። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ “የእኛ ተገላቢጦሽ ነው፣ የሚመታው ምልክት ያለበት ነው” አልኩ። ከዚያ ተነሥተን፣ “ጌታ ሆይ ምልክቱን አጥፋልን” እያልን ጮኸን ጸለይን። ጤናዬም “አሜን” አለች። ሴቶቹ ሲወጡ እጅጌዬን ያዘችኝ።

“ሦስተኛው ቀን መቼ ነው የሚሆነው ዋጌ?”

በጣቴ ቆጠርኩላት። “ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ።”

“ዓርብ” አለች፣ እጅጌዬን ሳትለቅ።

ምን እንደምትፈራ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ከመንገዱ ማዶ ቤት ሲፈርስ አብረን ቆመን አይተናል። የፊቱ ግድግዳ ሲወድቅ የውስጡ ሰማያዊ ቀለም ለመንገደኛው ሁሉ ታየ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ ቀን መቁጠሪያም ነበረበት። ሌላው ሰው ዶዘሩን ሲያይ ጤናዬ ያን ቀን መቁጠሪያ አየች። የሰው ገላ በአደባባይ የተገለጠ ያህል ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ የመኪና ድምፅ ከበድ ብሎ በሰማች ቁጥር እግሯ ከስፌት መኪናው ላይ ይነሣል።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሱቄ መጣች። “ግማሽ ሃይላንድ ቲነር ስጪኝ” አለችኝ። ምን ሊያደርግልሽ ብላት፣ “መኪናዬ ቅባት ይዞ አስቸገረኝ” አለች። ቀዳሁላት፣ ክዳኑንም አጥብቄ ሰጠኋት። አልጠረጠርኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር።

የቀረውን የነገረችኝ ኋላ ነው። ኢብራር ጁምዓ ሄዷል፣ ዙቤዳ ገበያ ናት፣ አቶ ቱሉን ሳጥናቸው ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በሩን ከፍታ ምሰሶው ጋ ተጠግታ ቆመች። ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ በቲነር አረጠበች። ልታጠፋ የፈለገችው የመሃሉን፣ የራሷን ቁጥር ብቻ ነበር። ነገር ግን ቲነሩ ቀዩን ይዞ ወደ ታች ወረደና የታችኛውን አበላሸው። የእኔና የእነ ዙቤዳ ጠፍቶ የአቶ ቱሉ ብቻ ከቀረ ይታወቅብኛል ብላ የላዩንም ፈተገችው። ደግሞም ለእነሱም መልካም የምታደርግ መሰላት፤ ዶዘሩ ሦስቱንም ዘሎ ይለፍ ብላ። የአቶ ቱሉን ማንኮራፋት እየሰማች፣ የሚያልፍ እግር በሰማች ቁጥር ጨርቁን ከጀርባዋ እየደበቀች ፈትጋ ፈትጋ ጨረሰች። ምሰሶው ላይ ደብዛዛ ሮዝ ነገር ብቻ ቀረ። ጨርቁን ግቢው ጥግ ያለው የቆሻሻ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችው፣ ገብታም እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች።

ዓርብ ዶዘር አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ዓርብ ማታ ኢብራር ምሰሶውን አይቶ “ማን ነው ያጠፋው?” ብሎ ጠየቀ፣ አየሁ ያለ አልተገኘም። እሑድ ደግሞ እኔ የምባለው ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምስክርነት ተነሣሁ። ረቡዕ ጸለይን፣ ዓርብ ከእኅት ጤናዬ በር ላይ ምልክቱ ጠፋ፣ ማን እንዳጠፋው የታወቀ ነገር የለም ብዬ መሰከርኩ። ጉባኤው እልል አለ። ጤናዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ቲነር ሸጬ ተአምር ብዬ ስመሰክር መብረቅ ያልወረደብኝ በትዕግሥቱ ነው።

ሰኞ ወረዳው ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ግጥም ብሏል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል፣ ሰውም እየተጋፋ ቤቱን ይፈልግበታል። ቤት ግን የለበትም። ወፍጮ ቤቱ የለም፣ ቀጭኑ መንገዳችን የለም፣ ጭቃችን እንኳ የለም፤ እኛ ያለንበት ቦታ በብርቱካናማ ቀለም ተሞልቶ “ቅይጥ” ተብሎ ተጽፎበታል። የምታስረዳው ሳያት የምትባል ወጣት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ናት። ቅይጥ ማለት ከታች ሱቅ ከላይ መኖሪያ ማለት እንደሆነ ነገረችን። በአዲሱ ፕላን ፎቅ ይሠራበታል፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ምትክ ቤት ይሰጠዋል። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እኔም እንዲሁ።

“ምሰሶው ላይ የተጻፈው የየቤታችሁ ቁጥር ነው” አለች ሳያት። “በቁጥራችሁ ትጠራላችሁ፣ ቅፅ ትሞላላችሁ። ቁጥር የሌለው ቤት ለጊዜው እኛ ጋ አይስተናገድም። ቁጥሩን ሆን ብሎ ያጠፋ ሰው ካለ ደግሞ ለመነሣት ፈቃደኛ እንዳልሆነ ነው የሚቆጠረው። ጉዳዩ ለብቻው ይታያል።”

ጤናዬ አጠገቤ ናት። ፊቷን ማየት አልቻልኩም፣ ካርታውን አየሁ።

ኢብራር እጁን አወጣ። “የእኛ ግቢ ቁጥር ጠፍቷል። ማን እንዳጠፋው አናውቅም። ሦስት አባወራ ነን።”

ታብሌት የያዘው ሰውዬ ወደ ሳያት ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። እሷም ቀና ብላ፣ “ማክሰኞ ሠራተኞቻችንን የተከራከሩት እርስዎ ነዎት?” አለችው።

“ጠየቅኩ እንጂ አልተከራከርኩም።”

“ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማብራሪያ በጽሑፍ ይዘው ቢሮ ይምጡ።”

አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። ከኋላዬ አንዱ፣ “እሱ ነዋ፣ ሌላ ማን ሊሆን ነው” ሲል ሰማሁ። ኢብራር ቆሞ ቀረ። ዙቤዳ የሻርፏን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች።

ማክሰኞ ጤናዬ ሱቄ መጣች። እንደመጣች ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቀይ የሚረጭ ቀለም አለሽ?” አለች።

ሁሉ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ወይም አስቀድሞ የገባኝን ነገር ያን ጊዜ አመንኩት። “ቁጥሮቹን ታስታውሻቸዋለሽ?” አልኳት።

“አላነበብኳቸውም” አለች። “ፈርቼ ስለነበር አላነበብኳቸውም ዋጌ። ቀይ መሆናቸውን ብቻ ነው ያየሁት።” እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። “የሚታጠብ ነገር መሰለኝ። ታጥቦ የሚያልቅ።”

ማጽናናት ይገባኝ ነበር። ግን እኔንም ፍርሃት ያዘኝ። ቲነሩ የእኔ ነው፣ ወሬው የእኔ ነው፣ ኮንቴነሬም ማዞሪያው ላይ የቆመችው በየዓመቱ እዚያው ወረዳ በሚታደስ ፈቃድ ነው። ነገሩ ከተመዘዘ እኔ ጋ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ፣ “ዝም በይ” አልኳት። “ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ኢብራር አፍ አለው፣ ተከራክሮ ይወጣል። ምንም አያደርጉትም።”

“ቢያደርጉትስ? ቤቱ የሁለት ሰው ነው።”

“አንቺስ ብትነግሪያቸው? ሜዳ ላይ ነሽ። ማን አለሽ?”

ይህን ያልኳት እኔ ነኝ፣ ረቡዕ ረቡዕ አብሬያት የምንበረከከው። እንባዋን ጠርጋ ሄደች። በዚያ ሁለት ቀን ከሰፋቻቸው ሱሪዎች አንዱ ሁለቱም ኪሶቹ በአንድ ጎን ነበሩ። የረቡዕ ጸሎት ሰዓት ሲደርስ፣ “ዛሬ አልችልም” ብላ በሯን ዘጋች።

የዚያኑ ቀን ማምሻውን ዙቤዳ በሯን አንኳኳች። በክንዷ የኢብራርን ጥቁር ኮት ይዛለች፤ ለዒድና ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን።

“ነገ ቢሮ ይሄድ የለ፣ ሰው መስሎ ይሂድ ብዬ ነው” አለች። “አንድ ቁልፍ ወልቆበታል። የውስጥ ኪሱም ተቀዷል። ኪሱን ደህና አድርገሽ እይልኝ ጤንዬ።”

“እሺ” አለች ጤናዬ። ዓይኗን ቀና አድርጋ ማየት አቅቷት የኮቱን እጅጌ ትዳብሳለች። ዙቤዳ ትንሽ ቆመችና ሄደች።

ጤናዬ ቁልፉን ተከለች። ከዚያ ኪሱን ልትገለብጥ እጇን ስትከት ጨርቅ አገኘች። አወጣችው። የዩኒፎርም ሰማያዊ ቁራጭ ነው፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ አራት ቦታ ታጥፏል። ዘረጋችው። ቀዩ አልለቀቀም። ዓርብ ዕለት ቆሻሻ ማዳበሪያው ውስጥ የከተተችው ጨርቅ ነው።

እንግዲህ ዙቤዳ ከዓርብ ጀምሮ ታውቃለች። ሰፈሩ ውስጥ ሰማያዊ ቁራጭ ያላት ሰፊ አንዲት ናት። ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ባሏን ሰው ሲያንሾካሹክበት እያወቀች ነው መሬት መሬት ያየችው። ተነሥታ “እሷ ናት” ብትል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አላለችም። ለባሏም አልነገረችውም፤ እሱ ቢያውቅ እስከ ሐሙስ አይቆይም ነበርና። ጨርቁን አጥባ ለጤናዬ መለሰችላት። ጤናዬ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ ፍርሃቱ አልሄደም፤ ሌላ ፍርሃት መጥቶ ከላዩ ተደረበ። ቤቴን አጣለሁ ብላ ትፈራ ነበር፣ አሁን ደግሞ ዙቤዳን ቀና ብዬ ሳላይ ልኖር ነው ብላ ፈራች። የኋለኛው ባሰባት።

ኪሱን ሰፋች፣ ኮቱን ተኮሰች፣ ወስዳም ሰጠቻት። ዙቤዳ፣ “አለቀ?” አለች።

“አለቀ። ነገ ግን ላያስፈልገው ይችላል።”

“አላህ ያውቃል” አለች ዙቤዳ፣ ኮቱንም ተቀበለቻት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮንቴነሬን ስከፍት ጤናዬ ቆማ ጠበቀችኝ። የእሑድ ልብሷን ለብሳለች። “ወረዳ እየሄድኩ ነው” አለች። “ብትመጪ ደስ ይለኛል። ባትመጪም እሄዳለሁ።” መልሼ ዘጋሁና ተከተልኳት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትጸልይ መሆኗን አውቃለሁ። እኔ ግን እየጸለይኩ አልነበረም፣ ሳያት ዛሬ ከሥራ እንድትቀር እየተመኘሁ ነበር።

ሳያት አልቀረችም። ወንበር ሰጠቻት፣ እኔ ከኋላ ቆምኩ።

“ምን ልርዳዎት እናቴ?”

“የበሩን ቁጥር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሦስቱንም። ኢብራር አያውቅም፣ ጁምዓ ነበር። አቶ ቱሉም ተኝተው ነበር።” በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ለምን አጠፉት?”

“ፈራሁ።”

“ምን ፈሩ?”

“የተጻፈበት ቤት በሦስተኛው ቀን ይፈርሳል ተባለ።”

“ማን ነው ያለዎት?”

ጤናዬ ዞራ አላየችኝም። አንገቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። “ሰፈር የሚወራ ነው” አለች።

“በምን አጠፉት?”

“በቲነር።”

“ማን ሰጠዎት?”

“ቤት ነበረኝ።”

ጤናዬ ስትዋሽ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ለእኔ ነበር፣ ሁለተኛው ስለ እኔ። አፌን ከፍቼ ነበር። ምላሴ ላይ “እኔ ነኝ” የሚል ነገር ደርሶ ነበር። ኮንቴነሬ ታየችኝ፣ ዘጋሁት። ይኸው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

ሳያት ክፉ ልጅ አይደለችም። መዝገቧን ገልጣ ሦስት ቅፅ አወጣች። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ወደ ቀኝ አስቀመጠች፤ የአቶ ቱሉና የእነ ኢብራር ነው። ሦስተኛውን ቢጫ ክላሴር ውስጥ ከተተችው። “የእነሱ ይቀጥላል” አለች። “የእርስዎ ለኮሚቴ ይቀርባል።”

“መቼ ይወሰናል?”

“ይደወልልዎታል።”

ሦስት ሰዓት ላይ ኢብራር በጥቁር ኮቱ መጣ። ጉዳዩ አልቋል፣ ይመለሱ አሉት። ጤናዬን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሲያያት ገባው። ፊቱ ጠቆረ፣ እስከ ሰፈር ድረስ ከፊት ከፊታችን ሄደ። ግቢያቸው በር ላይ ሲደርስ ግን ቆመና፣ “አንቺን ትተው የእኛን ብቻ እንዴት አድርገው ነው የሚያፈርሱት?” አላት። “ግድግዳችን አንድ አይደል እንዴ።” ማጽናናቱ ነበር። ጤናዬ ግን ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ሲነሣ ቤቷ መሃል ላይ ቆሞ ሲቀር ታያት፣ እዚያው ምሰሶው ላይ ተደገፈች።

በሳምንቱ ቀለም ቀቢው ተመለሰ። የአቶ ቱሉን ቁጥር ከላይ ጻፈ። አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አለና የእነ ዙቤዳን ከታች ጻፈ። ዙቤዳ ቆማ ታየው ነበር፣ “የመሃሉስ?” አለችው። ወረቀቱን አይቶ፣ “እኔ ዝርዝር ላይ የለም” አለና የቀለም ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጨ ሄደ።

አሁን ሁለት ወር ሆነ። እነ ዙቤዳ ተጠርተው ቅፅ ሞልተዋል። አቶ ቱሉም በሰው ተደግፈው ሄደው ፈርመዋል፣ ተመልሰው ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠዋል፣ አሁንም “ዛሬ ነው እንዴ?” ይላሉ። ጤናዬ ስልኳን ስፌት መኪናዋ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። በጠራ ቁጥር መርፌው ጣቷን ይወጋታል፣ ብዙ ጊዜ የምትደውለው ግን የልጄ ሱሪ አልቋል ወይ የምትል እናት ናት። ጠዋት ጠዋት ዙቤዳ ወደ ገበያ ስትወጣ፣ “ደወሉ?” ትላታለች። ጤናዬም፣ “ገና” ትላታለች። ቀና ብላ እያየቻት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሱቄን ልከፍት ስሄድ በማለዳ ግቢያቸው በር ላይ አገኘኋት። ያን ሰማያዊ ጨርቅ ውኃ አስነክታ ከሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ትወለውላለች። ላይኛውንም ታችኛውንም እንዳትነካ ጣቷን እየሰበሰበች ነው። በየቀኑ ታደርገዋለች ብላ ዙቤዳ ነግራኝ ነበር፣ አላመንኳትም ነበር።

“ምን እያደረግሽ ነው?” አልኳት።

“ሳይናገሩ ቢመጡስ? ንጹሕ ሆኖ ያግኙት” አለችኝ፣ እጇን ሳታቆም። “አቧራ ላይ ቀለም አይዝም። ቀለም ሻጭ ሆነሽ ይሄን አታውቂም?”